ምርት ብቻ የሚቆጥር ሥርዓት አይበቃም፦ ለማረሚያ ቤት የሥራና የሥልጠና መርሐ ግብር ሶፍትዌር ሲመረጥ

በማረሚያ ቤቶች ውስጥ የሚካሄዱ የእንጨት፣ የብረታ ብረት፣ የልብስ ስፌት፣ የኅትመትና የግብርና ሥራዎች እየሰፉ ሲሄዱ፣ በወረቀት መዝገብና በኤክሴል ሰንጠረዥ ብቻ እነሱን መምራት አስቸጋሪ ይሆናል። አስተዳደሩም ግዥን፣ ንብረትን፣ ምርትን፣ ሽያጭንና ሒሳብን በአንድ የመረጃ ቋት የሚያስተሳስር የሥራ አመራር ሶፍትዌር መፈለግ ይጀምራል። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። አደጋው ያለው የፍላጎት ዝርዝሩ ከአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀድቶ ሲዘጋጅ ነው። ለፋብሪካ የተሠራ ሶፍትዌር ስንት ተመረተ፣ በስንት ወጪ፣ ለማን ተሸጠ ለሚሉ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል፤ የማረሚያ ቤት ወርክሾፕ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እዚህ የሠራው ሰው ምን ተማረ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ምን ተከፈለው፣ ሲፈታስ ምን ይዞ ይወጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ይህ የጸሐፊው የግል አስተያየት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸውና የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች በመባል የሚታወቁት የታራሚዎች አያያዝ ዝቅተኛ መስፈርቶች፣ በ99ኛው ደንብ የታራሚዎች ጥቅምና የሙያ ሥልጠናቸው ከሥራው ለሚገኝ ትርፍ ሲባል ወደ ኋላ እንዳይደረግ ይደነግጋሉ። በ98ኛው ደንብ ሥራው ታራሚው ከተፈታ በኋላ በሐቅ ሠርቶ የማደር ችሎታውን የሚጠብቅለት ወይም የሚያሳድግለት እንዲሆን፣ በ102ኛው የቀንና የሳምንት የሥራ ሰዓት ጣሪያ እንዲወሰንና ለትምህርት የሚበቃ ጊዜ እንዲተርፍ፣ በ103ኛው ደግሞ ፍትሐዊ ክፍያ እንዲኖርና የክፍያው ከፊል ታራሚው ሲፈታ የሚረከበው ቁጠባ ሆኖ እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ። እነዚህን ድንጋጌዎች አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ቢያነባቸው፣ እያንዳንዳቸው መዝገብ፣ ስሌትና ሪፖርት የሚፈልጉ መሆናቸውን ወዲያው ይረዳል። ስለዚህ ቦታቸው የሕግ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን በጨረታ ሰነዱ የቴክኒክ መግለጫ ውስጥም መሆን አለበት።

ነገሩን በተግባር እንመልከተው። የስፌት ወርክሾፑ ኃላፊ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚደርሰው ሪፖርት የተሰፋውን ልብስ ብዛት፣ የተበላሸውን ጨርቅ መጠንና የዘገየውን ትዕዛዝ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ኃላፊው ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ ውሳኔው ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበሉ አይቀርም። መቁረጥ የሚችለውን ታራሚ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አያነሣውም፤ አዲስ የገባውን ደግሞ ጨርቅ እንዳያበላሽበት ለወራት ቁልፍ እንዲተክል ወይም ልብስ እንዲያጥፍ ያደርገዋል። በሪፖርቱ ላይ ብክነት ይቀንሳል፣ ምርት ይጨምራል፣ ወርክሾፑም ይመሰገናል። በዚያው ልክ አብዛኞቹ ሠልጣኞች ከልብስ ስፌት ሙያ አንዲት ቁራጭ ብቻ ይዘው ይወጣሉ። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የብዙ ጥናቶች ጥቅል ትንተና፣ በማረሚያ ቤት ትምህርት የተሳተፉ ሰዎች ዳግም ወደ ወንጀል የመመለሳቸው የዕድል ምጣኔ ካልተሳተፉት በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ውጤት የሚያመጣው መማሩ ነው፤ የተጣጠፈው ልብስ ብዛት አይደለም። ስለዚህ መማሩን የማይመዘግብ ሥርዓት የመርሐ ግብሩን ዋና ውጤት ሳያይ ያልፋል ማለት ነው።

መፍትሔው ግን ሁለት ሶፍትዌር ገዝቶ አንዱን ለምርት፣ ሌላውን ለሥልጠና መመደብ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ የማይነጋገሩ ከሆነ ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው በምርቱ በኩል ስለሆነ የሥልጠናው መዝገብ ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል። የሚያስፈልገው አንዱ የሥራ ሰዓት ምዝገባ ለሁለቱም እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ታራሚው በሥራ ትዕዛዙ ላይ ሲመዘገብ በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው የሥራ ደረጃና በማን ተቆጣጣሪነት እንደሠራ አብሮ ይመዝገብ፤ ያ ሰዓት በአንድ በኩል ለክፍያ ስሌት፣ በሌላ በኩል ለሙያ መዝገቡ ይቆጠር። ለሥልጠና የዋለ ጥሬ ዕቃ ከንብረት ክፍል ወጪ ሲሆን የራሱ የወጪ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ተማሪ ያበላሸው ጨርቅ የሥልጠና ወጪ እንጂ የወርክሾፑ ብክነት ሆኖ እንዳይታይ የሚያደርገው ይህ ትንሽ የሚመስል መለያ ነው። የብቃት ምዘናውን የሚያጸድቀው ሰውም የምርት ፎርማኑ ባይሆን ይመረጣል፤ ሶፍትዌሩ አንድን ሠልጣኝ በአንድ ቦታ ከተወሰነ ሰዓት በላይ እንደቆየ ለሥልጠና ኃላፊው የሚያሳውቅ ከሆነ ደግሞ፣ ሠልጣኙን በየማሽኑ የማዘዋወሩ ጉዳይ በፎርማኑ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም። ሻጭ ከሚያሳያቸው ውብ ሥዕላዊ ሪፖርቶች ሁሉ ይልቅ ለእነዚህ ነገሮች ክብደት ሊሰጥ ይገባል።

የሥልጠና መዝገብ ከሠርተፍኬትም ያለፈ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ሥልጠናን ማጠናቀቅ የእስራት ጊዜን ያሳጥራል፤ በዚያ ጊዜ የመዝገብ ስሕተት የነጻነት ጉዳይ ይሆናል። የአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ፣ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዙ የተወሰኑ ጥፋቶች የታሰሩ ሰዎች የተፈቀዱ መርሐ ግብሮችን ሲያጠናቅቁ ለታሰሩባቸው ለእያንዳንዱ 7 ቀናት 3 ቀናት እንዲታሰቡላቸው ፈቅዳ ነበር። የማረሚያ ቤቶቹ ሶፍትዌር ግን ይህን ስሌት መሥራት አልቻለም፤ ማን ብቁ እንደሆነ ለመለየት ሠራተኞች በእጅ ማስላት እንደያዙ በ2021 መጀመሪያ ይፋ ሆነ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የስሌት ደንቦች በሶፍትዌሩ ኮድ ውስጥ ተቀብረው እያንዳንዱ ለውጥ ሻጩን የሚያስጠራ ከሆነ ሕግ በተሻሻለ ቁጥር ሰዎች ይጎዳሉ፤ የወርክሾፑ ሥርዓት ከታራሚዎች ዋና መዝገብ ጋር ካልተያያዘ ደግሞ የተጠናቀቀ ሥልጠና እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል።

የክፍያ ስሌቱም ከተራ ፔሮል፣ ማለትም ከመደበኛ የደመወዝ ማስያ ሥርዓት፣ የራቀ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው፣ የማረሚያ ቤት ምርት በግዛቶች መካከል እንዲሸጥ የሚፈቅደው መርሐ ግብር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ መርሐ ግብር ለሚሠራ ታራሚ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፈለው ያላነሰ ክፍያ የሚታሰብለት ሲሆን፣ ለግብር፣ ለማደሪያና ለምግብ፣ ለቤተሰብ ድጋፍና ለተጎጂዎች ካሣ የሚቀነሰው በድምሩ ከጠቅላላ ክፍያው 80 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ የተጎጂዎች ድርሻ ብቻውን ከ5 እስከ 20 በመቶ ነው። በየአገሩ ዝርዝሩ ቢለያይም ችግሩ ያው ነው፤ ብዙ ተቀናሾች፣ ቅደም ተከተላቸው በሕግ የተወሰነ፣ ጣሪያ ያላቸው፣ ከፊሉ ገንዘብም ወዲያው የማይከፈል ቁጠባ። ለመደበኛ ሠራተኛ የተሠራ ፔሮል ተቀናሽን ያውቃል፤ ቅደም ተከተልንና ጣሪያን አንድ ላይ ማስከበር ግን ሁልጊዜ አይችልም። ገንዘቡ የሚገባበት የታራሚው ሒሳብ ደግሞ የማረሚያ ቤቱ ሀብት ሳይሆን በአደራ የተያዘ ገንዘብ ስለሆነ፣ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ከወርክሾፑ ገቢና ወጪ ተለይቶ መታየት አለበት።

ምርት ማቀድ ላይ ሌላ ልዩነት ይገጥማል። በፋብሪካ የሥራ ፈረቃ ስምንት ሰዓት ከተባለ ስምንት ሰዓት ነው። በማረሚያ ቤት ግን የታራሚዎች ቆጠራ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የጠያቂ ሰዓት፣ ሕክምና፣ ድንገተኛ የእንቅስቃሴ እገዳ፣ ዝውውርና መፈታት ሰዓቱን ይሸራርፉታል። ሶፍትዌሩ የሚጠቀምበት የአቅም ስሌት ይህን ካላወቀ የማይደረስበት የማስረከቢያ ቀን ይሰጣል፤ ቀኑ ሲደርስም መጀመሪያ የሚሰረዘው የክፍል ውስጥ ትምህርቱ ነው። የትምህርት ሰዓት በዕቅዱ ውስጥ ሊነካ የማይችል ጊዜ ሆኖ እንዲቆለፍ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ለሻጩ ሊቀርብ የሚገባው ቀላል ጥያቄ ነው።

በወጪ ስሌት በኩል ደግሞ የሠራተኛው ክፍያ አነስተኛ ስለሆነ ማንኛውም ምርት አትራፊ መስሎ ሊታይ ይችላል። በእርግጥ ግን የጥበቃው፣ የአሠልጣኙ፣ የሕንፃውና የመብራቱ ወጪ በሌላ በጀት ተሸፍኗል። አስተዳደሩ ሁለቱን ዋጋ፣ ማለትም በታራሚ ክፍያ የተሰላውንና ለተመሳሳይ ሥራ በውጭ በሚከፈለው ደመወዝ የተሰላውን፣ ጎን ለጎን ማየት ካልቻለ ከማረሚያ ቤቱ ውጭ ያለውን አነስተኛ አምራች ሳያውቀው ከገበያ ሊያስወጣ ይችላል።

የደንበኛው ማንነትም የመዝገብ ጉዳይ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1930 ያወጣው የግዳጅ ሥራ ስምምነት ቁጥር 29፣ በፍርድ የተፈረደበት ሰው የሚሠራውን ሥራ ከግዳጅ ሥራ ትርጉም ውጭ የሚያደርገው ሥራው በመንግሥት አካል ቁጥጥር ሥር ሲሆንና ሰውየው ለግል ግለሰብ፣ ኩባንያ ወይም ማኅበር ተላልፎ ያልተሰጠ ሲሆን ነው። ስለዚህ ደንበኛው የግል ድርጅት በሆነበት ትዕዛዝ ላይ የታራሚው ፈቃደኝነት የተገለጸበት ሰነድና የክፍያው ሁኔታ ከሥራ ትዕዛዙ ጋር ተያይዞ መገኘት ይኖርበታል። በግዳጅና በእስረኛ ጉልበት የተመረተ ዕቃ ወደ አገራቸው እንዳይገባ የሚከለክሉ አገሮች መኖራቸውም ሊታሰብበት ይገባል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣችው የታሪፍ ሕግ አንቀጽ 307 ይህን አድርጋለች። አንድ ዕቃ በየትኛው ወርክሾፕ፣ በየትኛው ትዕዛዝ፣ ከየትኛው ጥሬ ዕቃ እንደተሠራ ወደ ኋላ ተከትሎ ማሳየት የማይችል ሥርዓት ለአስተዳደሩ መከላከያ ሊሆነው አይችልም።

ጥበቃን በሚመለከት ሁለት እውነተኛ ክስተቶችን ማንሣት ይበቃል። በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ማሪዮን ማረሚያ ቤት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን በሚፈታታ መርሐ ግብር የተሳተፉ ታራሚዎች፣ ከዚያው ባገኙት ዕቃ ሁለት ኮምፒውተሮች ገጣጥመው በአንድ የሥልጠና ክፍል ኮርኒስ ውስጥ ደብቀውና ከተቋሙ ኔትወርክ ጋር አገናኝተው እ.ኤ.አ. በ2015 ተደርሶባቸዋል፤ በ2017 የወጣው የግዛቱ መርማሪ ሪፖርት ዝርዝሩን አስፍሯል። በአይዳሆ ግዛት ደግሞ በ2018፣ 364 ታራሚዎች በእጅ በሚያዙ ታብሌቶች ላይ የነበረን የፕሮግራም ክፍተት ተጠቅመው በሒሳባቸው ላይ በድምሩ ወደ 225,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንደጨመሩ ተገለጸ። ሁለቱም ክስተቶች ለታራሚ ቴክኖሎጂ አይሰጥ ለሚል ክርክር ሲጠቀሱ ይሰማል፤ በእኔ እምነት ግን የሚያሳዩት የተለየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ወደ ወርክሾፕ የገባና የወጣ ዕቃ፣ ቁርጥራጩም ሳይቀር፣ በቆጠራ አለመያዙን ያሳያል፤ ሁለተኛው ደግሞ የገንዘብ ሒሳብ ትክክለኛነት ታራሚው በእጁ በያዘው መሣሪያ ላይ ሳይሆን መረጃው በሚከማችበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ መረጋገጥ እንዳለበት ያስተምራል።

ስለዚህ ምርጫው ሲካሄድ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው። የሥራ አመራር ሰርቨሩና ሠልጣኞች የሚጠቀሙባቸው ኮምፒውተሮች ጨርሶ የማይገናኙ ኔትወርኮች ላይ መሆን ይችላሉን? እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ የይለፍ ቃል ይገባልን፣ ከሥራ ሲሰናበትስ የመግቢያ መብቱ በዚያው ቀን ይዘጋልን? ሻጩ ከርቀት ገብቶ ጥገና ሲያደርግ ለምን ያህል ጊዜ እንደገባና ምን እንደነካ ይመዘገባልን? የእጅ መሣሪያዎችን በተመለከተ ደግሞ መደበኛ ሶፍትዌር መሮን ወይም መጋዝን በዓመት አንድ ጊዜ የሚቆጠር ቋሚ ንብረት አድርጎ ይይዘዋል፤ ወርክሾፑ የሚፈልገው ግን በየፈረቃው ማን እንደተረከበውና እንደመለሰው የሚያሳይ፣ አንድ መሣሪያ ካልተመለሰም ፈረቃው እንዳይዘጋ የሚያግድ አሠራር ነው። የማንዴላ ደንቦች ስድስተኛው ደንብ የታራሚዎች መዝገብ ማን ምን እንደለወጠ የሚያሳይ አስተማማኝ ዱካ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ይህ መስፈርት የሥራ ሰዓትና የክፍያ መዝገብንም ሊጨምር ይገባል።

የሥራ ደኅንነት መዝገብ በሶፍትዌር ሻጮች ማሳያ ላይ ብዙም ቦታ አይሰጠውም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና መርማሪ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ ዩኒኮር በሚባለው የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች የምርት ድርጅት ሥር የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ይፈታ በነበረባቸው አንዳንድ ቦታዎች ሠራተኞችና ታራሚዎች ለካድሚየምና ለእርሳስ ብናኝ ተጋልጠው እንደነበር አረጋግጧል። እንዲህ ያለ ጉዳት የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ማን በየትኛው ሥራ ላይ ለስንት ጊዜ እንደቆየ የሚያሳየው መዝገብ ታራሚው ከተፈታ በኋላም መጥፋት የለበትም።

ወደ ምርቶቹ ስንመጣ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ ተብሎ የተሟላ ሆኖ የሚቀርብ ዕቃ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ሊስተካከል የሚችል ጠቅላላ ሥርዓት መርጦ በልክ ማበጀት የተሻለ ይመስለኛል። ክፍት ምንጭ ከሆኑት፣ ማለትም ኮዳቸው ለማንም ክፍት ከሆነው ውስጥ፣ ኢአርፒ ኔክስት የሒሳብ፣ የንብረትና የምርት ክፍሎቹን ያለ ፈቃድ ክፍያ ይዞ ይቀርባል፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ግን አሁን ተለይቶ የሚጫን ነጻ ፕሮግራም ሆኗል። ኦዱ ደግሞ ነጻ የሆነ ቅጂ ቢኖረውም የተሟላው የሒሳብ ክፍል የሚገኘው በሚከፈልበት ቅጂ ውስጥ ስለሆነ፣ ነጻ ነው በሚል ብቻ መወሰን በኋላ ያልታሰበ ወጪ ያመጣል። ኢአርፒ ኔክስትና የኦዱ ነጻ ቅጂ በራስ ሰርቨር ላይ ያለ ኢንተርኔት ሊሠሩ መቻላቸው ለማረሚያ ቤት ትልቅ ነገር ነው። እንደ ኤስኤፒና ኦራክል ያሉት ግዙፍ ሥርዓቶች ብዙ ተቋማትን ለሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት እንጂ ለአንድ ማረሚያ ቤት የሚመከሩ አይደሉም። በትምህርቱ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ያለው ሙድል የተባለ የትምህርት መስጫ ሶፍትዌር በውስጥ ኔትወርክ ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ የትምህርት ይዘቱንም ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው በማከማቻ መሣሪያ ማዘዋወር ይፈቅዳል። ጥቂት ሠልጣኞች ያሉት ትንሽ ወርክሾፕ ግን ከእነዚህ አንዱንም ሳይገዛ፣ በሚገባ የተሰናዳ የውስጥ ዳታቤዝና በገጽ ቁጥር የታሰረ መዝገብ ይዞ ሊቀጥል ይችላል፤ ለሶፍትዌር የሚወጣው ገንዘብ አንድ ተጨማሪ አሠልጣኝ የሚያስቀጥር ከሆነ አሠልጣኙ ይቀድማል።

ሻጮችን ለማወዳደር የተለመደው የማሳያ ዝግጅት ብዙ አይረዳም፤ ሻጩ የሚያሳየው የሚያምርለትን ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ አስተዳደሩ ራሱ የአንድ ታራሚን የአንድ ወር እንቅስቃሴ በፈጠራ መረጃ አዘጋጅቶ ሻጩ በፊት ለፊት እንዲያስገባው ቢጠይቅ ይሻላል። ታራሚው ወሩን በስፌት ይጀምራል፤ ሁለት ቀን ፍርድ ቤት ይውላል፤ አንድ ቀን እንቅስቃሴ ይታገዳል፤ በወሩ አጋማሽ የመቁረጥ ምዘና ያልፋል፣ የክፍያ ደረጃውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቀየራል፤ ጣቱን ይጎዳና ለሦስት ቀን ያርፋል፤ በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ይዛወራል። ክፍያው በትክክል ተሰልቶ፣ ቁጠባው ተለይቶ፣ የሙያ መዝገቡም አብሮት ተዛውሮ መታየት አለበት። ይህን በሰነድ ላይ እንችላለን ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ በስክሪን ላይ ማድረግ ግን ሻጮችን ቶሎ ይለያያቸዋል። ከተመረጠ በኋላም በአንድ ወርክሾፕ ለጥቂት ወራት ከወረቀቱ መዝገብ ጎን ለጎን እየተሠራ ልዩነቶቹ ቢመረመሩ፣ ስሕተቶች ወደ ሁሉም ተቋማት ሳይሰራጩ ይታረማሉ።

ስለ ግላዊ መረጃም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወርክሾፑ ሶፍትዌር የታራሚውን ወንጀል ወይም ሕመም የሚያውቅበት ምክንያት የለም፤ ፎርማኑ የሚያስፈልገው ይህ ሰው በስለታም መሣሪያ ላይ አይመደብ የሚል ምልክት ብቻ ነው፣ ምክንያቱ በሌላ መዝገብ ይቆይ። በተቃራኒው ታራሚው ስለ ራሱ የተመዘገበውን ማየት ይኖርበታል። በአሜሪካዋ ዋሺንግተን ግዛት በተፈጸመ የሶፍትዌር ስሌት ስሕተት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እስከ 3,200 የሚደርሱ ታራሚዎች ከጊዜያቸው በፊት ተፈትተው ነበር፤ ስሕተቱን በ2012 ለመሥሪያ ቤቱ ያመለከተው የአንድ ተጎጂ ቤተሰብ ሲሆን፣ የመፈቻውን ቀን ራሳቸው በእጅ አስልተው ነበር የደረሱበት። ይፋ የሆነውና እርምት የተጀመረው ግን በ2015 መጨረሻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሰዓት፣ የክፍያ፣ የተቀናሽ፣ የቁጠባና የሥልጠና ዝርዝር በየወሩ ታትሞ ለእያንዳንዱ ታራሚ በሚያነበው ቋንቋ እንዲሰጠው፣ አቤቱታ ሲያቀርብም መልሱ የሚመዘገብበት ቦታ በሥርዓቱ ውስጥ እንዲኖር ማድረግ ይገባል። የሚሰጠው የሙያ ሠርተፍኬትም አገሪቱ ውስጥ ባለው የብቃት ምዘና ተቋም ስም እንጂ በማረሚያ ቤቱ ስም ባይታተም፣ ሥራ ፈላጊውን በቀጣሪ ፊት ከአድልዎ ይጠብቀዋል።

በመጨረሻም ውሉ ሲፈረም የመረጃው ባለቤት አስተዳደሩ መሆኑና ውሉ ሲቋረጥ ሁሉም መዝገብ በማንኛውም ፕሮግራም ሊነበብ በሚችል ቅርጽ እንደሚመለስ መጻፉ ብቻ በቂ አይደለም። የመጀመሪያው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሻጩ በሙከራ የገባውን መረጃ በሙሉ አውጥቶ ለአስተዳደሩ ያስረክብ፤ የአስተዳደሩ ባለሙያም ያንን ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የአንድን ሠልጣኝ ሙሉ መዝገብ ከሰዓቱ እስከ ምዘናው ማግኘት መቻሉን ያረጋግጥ።